«እሳቸውም አብረውን ነበሩ»

ሱሉልታ ውስጥ እኔን ሲያይ ከመቀመጫው የሚነሳ ሰው አለ። ሁለት ወጣቶችን ከመታሰር ያዳንኩ ጀግና ነኝ ተብሎ ስለሚወራ ነው። ወሬውን እኔ አላስጀመርኩትም። ማስቆም ስችል ግን አላስቆምኩትም፤ እንዲያውም አንድ ሁለት ጊዜ ጨመር አድርጌበታለሁ። ዛሬ የሆነውን እንደሆነው ልጽፈው ተነስቻለሁ። አንብባችሁ ስትጨርሱ፣ የተነሳችሁልኝ ሰዎች መቀመጥ ትችላላችሁ።

መጀመሪያ ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህር ነበርኩ። ከአዲስ አበባ ወጥቼ ሱሉልታ ቤት ከሠራሁ አምስት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የምኮራበት ሹመት ሌላ ነው፤ የሰፈራችን የቅዱስ ሚካኤል ጽዋ ማኅበር ሙሴ ነበርኩ። ሙሴ ማለት የማኅበሩ መሪ ነው፤ ተራ ያስጠብቃል፣ የተጣላ ያስታርቃል፣ ካህን ሲታጣ ጸሎት ያስጀምራል። ከእኔ በፊት የነበሩት ሙሴ ማንበብና መጻፍ የማይችሉ ሽማግሌ ሲሆኑ ማኅበሩን ዐሥራ ስምንት ዓመት ያለ አንዲት ወረቀት መርተውታል። እኔ በተመረጥኩ በሁለተኛው ወር ሠላሳ አንድ አንቀጽ ያለው መተዳደሪያ ደንብ አዘጋጀሁ። ማኅተም አስቀረጽኩ። የአባላት ስምና ፊርማ የሚሰፍርበት ትልቅ መዝገብ ከፈትኩ። የመጽሐፉ ሙሴ ከተራራ የወረደው ዐሥር ትእዛዝ ይዞ ነበር፤ እኔ ሦስት እጥፉን ይዤ መጣሁ።

ከእነዚያ አንቀጾች ውስጥ ዐሥራ አንደኛው የወጣው ለአንድ ሰው ተብሎ ነው፤ ለአዴ ወርቂቱ፤ «አዴ» በኦሮምኛ እናት ማለት ነው። አዴ ወርቂቱ ድርቆሽና ወተት ሸጠው የሚኖሩ ባልቴት ናቸው። ባለቤታቸው ከሞቱ ቆይቷል፤ ልጆቻቸው ሁለቱም አግብተው ሩቅ ናቸው። የማኅበር ተራ ሲደርሳቸው እንግዳውን በር ላይ ተቀብለው፣ አስቀምጠው፣ በሙቅ ውሃ እግሩን ማጠብ ይፈልጋሉ። በአባታቸው ቤት እንደዚያ ነበር። የመጀመሪያው ጊዜ ሳፋቸውን ይዘው ፊቴ ሲንበረከኩ፣ ካልሲዬ ተረከዙ ላይ ተቀዶ ስለነበር በላብ ተጠመቅኩ። በሚቀጥለው ስብሰባ ተነስቼ ስለ ጊዜ አጠቃቀም፣ ስለ ንጽህናና ስለ ሃያ አንደኛው ክፍለ ዘመን ሰፊ ማብራሪያ ሰጠሁ። «አንቀጽ ዐሥራ አንድ፦ በማኅበር ቀን እግር ማጠብ ቀርቷል።» በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ብዙዎቹ አባላት ካልሲያቸውን እንደ እኔ ያውቁታል መሰለኝ። አዴ ወርቂቱም እጃቸውን አወጡ፤ ድምፅ መስጠት ምን እንደሆነ ስላልገባቸው ሳይሆን ሰው ማስቀየም ስለማይወዱ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርና ወደ ቀኑ ልሂድ። እኔ ቤት የሠራሁበት ቦታ ድሮ የአባታቸው የገብስ ማሳ ነበር። ይህን የነገሩኝ ሌሎች ሰዎች ናቸው። እሳቸው አንድም ቀን አንስተውብኝ አያውቁም።

ጊዜው አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ ያሰፋል በተባለው ማስተር ፕላን ላይ ተቃውሞ የተፋፋመበት ታኅሣሥ ነው። ትምህርት ቤታችን ከተዘጋ ሁለተኛ ሳምንቱን ይዟል። የጎጃም መንገድ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሁለት ቀን ይዘጋል። ከቡራዩም ከሰበታም የሚመጣው ወሬ ሁሉ ስለ ሰልፍና ስለ እስር ነበር። እኛ ከአዲስ አበባ የመጣነው በሩን ቆልፈን በስልክ እንጠያየቃለን፤ ነባሩ ሰው ደግሞ ልጁ ከቤት ወጥቶ እስኪመለስ በር ላይ ይቆማል።

በወሩ የሚካኤል ዕለት ተራው የአዴ ወርቂቱ ነበር። ስልክ ደውዬ «አዴ፣ ቢተላለፍስ?» አልኳቸው።

«ጠላው ደርሷል። ሚካኤልም አልተላለፈም» አሉኝ።

ከሃያ አራት አባላት የመጣነው አራት ነን፤ እኔ፣ ኦቦ ቶላ የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬና ሁለት እናቶች። የንስሐ አባታችን የሚኖሩት ጫንጮ በመሆኑ መንገዱ ተዘግቶባቸው ቀሩ። እውነቱን ለመናገር መቅረታቸው ደስ አለኝ። ጸሎቱን የማስጀምረው እኔ ነኝ ማለት ነው፤ ከጸሎቱ ቀጥሎ ደግሞ ለሦስት ሳምንት የደከምኩበት ሰባት ገጽ ጽሑፍ ኪሴ ውስጥ አለ። ርዕሱ «ክርስቲያን በማኅበረሰቡ ውስጥ ሊያኖረው የሚገባ አሻራ» ይላል። በውጭ ያለው ሁኔታ ሲታይ ጽሑፉ ሌላ ቀን ቢነበብ ይሻል ነበር። እኔ ግን መዝገቡን አስፈርሜ፣ ጽዋው ተባርኮ ከተቀመጠ በኋላ መነጽሬን አደረግሁ።

ሁለተኛው ገጽ ላይ ደርሼ «ትሕትና» የሚለውን ንዑስ ርዕስ እያነበብኩ ሳለ ከዋናው መንገድ በኩል ፍንዳታ ተሰማ። አስለቃሽ ጭስ ነው። ቀጥሎ ሩጫ፣ ጩኸት፣ የሚዘጋ የቆርቆሮ በር። ድምፄን ከፍ አድርጌ ማንበቤን ቀጠልኩ። ወዲያው የእኛው በር ተበረገደና ሁለት ወጣቶች እየተደጋገፉ ገቡ።

ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ። አንደኛው ገመቹ ነው፤ ጠዋት ጠዋት በሱሉልታ ሜዳ ከሚለማመዱት ሯጮች አንዱ። እኔው ትምህርት ቤት ነው የጨረሰው፤ የሩጫ ዋንጫ ይዞ ከእኔ ጋር የተነሳው ፎቶ ቢሮዬ ውስጥ ተሰቅሏል። ሁለተኛው ከድር ነው፤ የሰፈራችን ባለ ሱቅ የአቶ ሁሴን ልጅ። ስኳርም ሳሙናም የምገዛው ከእነሱ ነው። ከድር ቀኝ እግሩ ወለም ብሎት መርገጥ አቅቶታል። ገመቹ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ያን ጊዜ የጫንጮን መንገድ አጋምሶት ነበር፤ በዚህ አገር እሱን ሮጦ የሚይዝ የለም። ጓደኛውን ትቶ መሄድ ስላልፈለገ ነው እዚያ በር ላይ ላብ በላብ ሆኖ የቆመው። ሰልፍ ላይ ይሁኑ ወይም ሱቅ በር ላይ ቆመው ይሁን የተባረሩት አልጠየቅንም።

«መምህር፣ እባክዎ» አለኝ ገመቹ። «ከኋላችን እየመጡ ነው።»

«ይህ እኮ የጸሎት ቦታ ነው» አልኩት። እንዲህ ያልኩት እኔ ነኝ፤ እጄ ላይ «ትሕትና» የሚል ወረቀት ይዤ።

አዴ ወርቂቱ ከመደቡ ተነሱ። «ታኣ፣ ኢጆሌ ኮ» አሉ፤ ተቀመጡ፣ ልጆቼ ማለታቸው ነው። ሁለቱን ከግድግዳው ሥር አስቀመጧቸው። ለገመቹ ጠላ ቀዱለት። ከድር ሙስሊም መሆኑን ያውቃሉና ለእሱ ጓዳ ገብተው በጣሳ ወተት አመጡለት፤ ጾም ስለነበር በዚያ ቤት ወተት የሚቀምስ ሌላ ሰው አልነበረም። ከዚያ የእግሩን እብጠት አዩት። ተመልሰው ገቡና ሳፋውን፣ የሞቀ ውሃና አንድ እፍኝ ጨው ይዘው መጡ። መሬት ላይ ተቀምጠው ጫማውን ይፈቱለት ጀመር።

እመኑኝ፣ በዚያች ሰዓት አፌን ከፍቼ «አዴ፣ አንቀጽ ዐሥራ አንድ…» አልኩ።

ኦቦ ቶላ ብቻ ዞር ብለው አዩኝ። ሌላው ሰው የሰማኝም አይመስለኝም።

ወታደሮቹ የገቡት ከድር እግሩን ውሃው ውስጥ እንዳስገባ ነው። ሦስት ናቸው። ፊት የገባው አለቃቸው አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ዓይኑ በጭስና በእንቅልፍ እጦት የቀላ ሰው ነው። ሁለቱ ገና ልጆች ናቸው፤ አንደኛው በሩን ተደግፎ ነው የቆመው። አለቃው ቤቱን በዓይኑ ዞረው። የሚካኤል ሥዕል፣ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ጽዋ፣ ሽሮና ድፎ ዳቦ፣ ሽማግሌ፣ ሁለት ነጠላ ያደረጉ እናቶች፣ አንድ ቱታ የለበሰ ረጅም ልጅ፣ አንድ እግሩን በአሮጊት የሚታጠብ ልጅ። መጨረሻ ላይ እኔና መዝገቤ።

«እዚህ ሁለት ልጆች ገብተዋል» አለ።

አዴ ወርቂቱ ቀና አላሉም፤ ቁርጭምጭሚቱን በሁለት አውራ ጣታቸው ቀስ ብለው እያሹ ነው።

«ደብተር የያዝከው ሰውዬ፣ ምንድን ነህ አንተ?»

ተነሳሁ። «የማኅበሩ ሙሴ ነኝ። የትምህርት ቤትም ምክትል ርዕሰ መምህር ነኝ።» ሁለተኛውን ማን ጠየቀኝ?

«እነዚህን ሁለቱን ታውቃቸዋለህ?»

አሁን እዚህ ላይ ቆም እንበል። ብዙ ሰው ሲያወራልኝ የሚጣፍጠው ቦታ ይህ ነው። እንደ ወሬው ከሆነ ፊት ለፊት ቆሜ «ልጆቼ ናቸው፣ ከወሰድክ እኔን ውሰድ» ብያለሁ። በእውነቱ ግን እንዲህ አላልኩም። በአንድ ጊዜ ብዙ ነገር አሰብኩ፤ ሥራዬን፣ ቤቴን፣ በስልክ የምትጠብቀኝን ባለቤቴን። ከዚያ ሁሉ ሐሳብ የወጣው መልስ ይህ ነው፦

«አላውቃቸውም» አልኩ። «የእኛ አባላት አይደሉም። ይኸው መዝገቡ፣ ስማቸው የለም።»

መዝገቡን ከፍቼ ሰጠሁት። አልጠየቀኝም እኮ። በገዛ እጄ ነው ያቀረብኩለት።

ገመቹን አላየሁትም፤ ማየት አልቻልኩም። የሰማሁት የውሃውን ድምፅ ብቻ ነው። አዴ ወርቂቱ በመዳፋቸው እየቀዱ እግሩ ላይ ያፈሳሉ።

«እኔ አውቃቸዋለሁ» አሉ፣ አሁንም ቀና ሳይሉ። «እንግዶቼ ናቸው።»

«ስማቸው ማነው፣ እናቴ?»

«በማኅበር ቀን የገባን ሰው ስም አንጠይቅም። በአባቴ ቤት አይጠየቅም ነበር። ማን እንደሚመጣ በምን ይታወቃል?» ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይናቸውን አነሱና አዩት። «አንተንም እኮ ማነህ አላልኩህም፣ ልጄ። ተቀመጥ። ጫማህን ፍታ። ይህን ልጅ ስጨርስ ያንተ ነው።»

«ሥራ ላይ ነኝ፣ እናቴ።»

«እኔም ሥራ ላይ ነኝ» አሉት።

አለቃው መዝገቤን በእጁ እንደያዘ ቆሟል። ያን ጊዜ ነው በሩን ተደግፎ የቆመው ወታደር፣ ማንም ሳያዘው፣ ከገመቹ አጠገብ ቁጢጥ ያለው። መሣሪያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የከስክሱን ክር ይፈታ ጀመር። ስንት ቀን አውልቆት እንደማያውቅ እግዚአብሔር ይወቅ፤ ጫማው ሲወጣ ሽታው የቤቱን ሰው ሁሉ ወደ መስኮቱ አዞረው። አንደኛዋ እናት በነጠላቸው አፍንጫቸውን ሸፈኑ። ካልሲው ከቆዳው ጋር ተጣብቋል፣ ተረከዙ ተልጦ ደም ይዟል። ልጁ አፈረና እግሩን ሊሰበስብ ሲል አዴ ወርቂቱ ቁርጭምጭሚቱን ያዙት።

«ታኢ፣ ተቀመጥ» አሉት። «ያማል፣ ግን ታገሥ።»

ከድር እግሩን ከሳፋው አውጥቶ ቦታ ለቀቀለት። አዴ ወርቂቱ ውሃውን ደጅ ደፍተው፣ ሌላ ቀድተው፣ ያንን የቆሰለ እግር እንደ ሕፃን ገላ ማጠብ ጀመሩ። ወታደሩ መጀመሪያ ጥርሱን ነከሰ። ትንሽ ቆይቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ሁላችንም አየን። አለቃውም አየ። ወደ ደጅ ወጣና ጀርባውን ሰጥቶን ብዙ ቆመ። ሦስተኛው ወታደር ምን ማድረግ እንዳለበት ስላላወቀ ኦቦ ቶላ የዘረጉለትን ዳቦ ተቀብሎ መብላት ጀመረ።

አለቃው ሲመለስ ዳቦ ቀረበለት፤ ቆሞ ጎረሰ። ጫማውን አልፈታም። ልጁ ከስክሱን መልሶ ካሰረ በኋላ «እንሂድ» አላቸው። ከመውጣቱ በፊት ወደ እኔ መጣና መዝገቡን ዘግቶ ደረቴ ላይ አስደገፈው።

«የሰው ስም የተጻፈበት ደብተር እንዲህ አይሰጥም» አለኝ ቀስ ብሎ። «ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ሁሉ ስም ይዞልህ ይሄድ ነበር።»

በሕይወቴ ብዙ ተገምግሜያለሁ። እንደዚያ ያለ ግምገማ ግን አልደረሰብኝም።

እነሱ ሲወጡ አዴ ወርቂቱ «መምህር፣ አሁን ደግሞ እርስዎ» አሉኝ፤ ሳፋውን ወደ እኔ ጎተት አድርገው። ካልሲዬ የዚያን ቀን ደህና ነበር። እግሬን ለመስጠት የምችልበት ፊት ግን አልነበረኝም። ባለቤቴ ትጨነቃለች፣ ሌላ ጊዜ፣ አልኩና መዝገቤን ብብቴ ሥር አድርጌ በጓሮ በኩል ወጣሁ። የቀሩት አምስት ገጾች እዚያው ወንበር ላይ ቀሩ።

አሁን ወደ ጀግንነቴ እንምጣ።

ያን ቀን ማታውን አልተኛሁም። በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ ምን እንዳልኩ እንደሚሰማ እርግጠኛ ነበርኩ። በዚያ ሰሞን ልጅ ጠቁሟል የተባለ ሰው አጥር እንዴት እንደሚያድር የምታውቁ ታውቃላችሁ። ከሦስት ቀን በኋላ ወጣቶች በእኛ መንገድ እየዘፈኑ መጡ። ባለቤቴና እኔ መብራት አጥፍተን መሬት ላይ ተቀመጥን። በራችን ላይ ሲደርሱ ቆሙ። አንዱ «ይህ የሙሴው ቤት ነው» ሲል ሰማሁት። ድንጋዩን እየጠበቅሁ ዓይኔን ጨፈንኩ። «እለፉ፣ እለፉ» አለ ያው ልጅ፤ አለፉ።

በሳምንቱ ሳሙና ልገዛ ሄድኩ። አቶ ሁሴን ከባንኮኒው ጀርባ ወጥተው አቀፉኝ። «አላህ ይስጥልን፣ መምህር» አሉ፣ እንባቸው መጥቶ። ከድር እግሩን አስሮ ጥግ ላይ ተቀምጧል። አየኝ። ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላም አለኝ። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። «የለም፣ አቶ ሁሴን፣ እኔ አላውቃቸውም ነው ያልኩት» ለማለት ዐሥር ቃል አይፈጅም። እኔ ግን «ምን አደረግሁ፣ ግዴታዬ ነው» አልኩ። ትሕትና ማለት እሱ ነው እንግዲህ።

ከዚያ በኋላ ለመድኩት። ትምህርት ሲከፈት ተማሪው አጨበጨበልኝ፤ እጄን አንስቼ አመሰገንኩ። አንድ ሠርግ ላይ ሰዎች ንገረን ብለው ሲለምኑኝ «ተዉት፣ ያለፈ ነው» ብዬ ትንሽ ነገርኳቸው። በሌላ ሠርግ ላይ ደግሞ ወታደሩ ፊት ጠረጴዛ መታሁ። በአዴ ወርቂቱ ቤት ጠረጴዛ የለም።

ይህን የምታነቡ ወገኖች፣ ትዝብታችሁ ገብቶኛል፤ እኔም ራሴን ታዝቤዋለሁ። አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። ስለ አሻራ ሰባት ገጽ የጻፈ ሰው ያን ቀን ያኖረው ምልክት የተከፈተ መዝገብ ነበር። በሱሉልታ ስሙ የሚነሳው ግን የዚያ ሰው ነው። ያን እግር ያጠቡት ሴት ዛሬም ድርቆሽ ይሸጣሉ፤ ሲያልፉ የሚነሳላቸው ሰው አላየሁም። እኛ ክርስቲያን ነን የምንል ሰዎች መታየት ስለምንወድ የሚታየውን ብቻ እንቆጥራለን። እኔ ሰንበት ሰንበት ስለ ትሕትና ሳስተምር ሰው ማስታወሻ ይይዛል። እሳቸው አንድም ቀን አስተምረው አያውቁም። ያ ወታደር ግን፣ ዛሬ የትም ይሁን የት፣ ጫማውን ባወለቀ ቁጥር የሚያስባቸው ይመስለኛል። ስማቸውን እንኳ አያውቅም።

ከዚያ ከሁለተኛው ሠርግ በኋላ ከሙሴነቴ ለመልቀቅ ወሰንኩ። በሚቀጥለው ማኅበር ቆሜ ሁሉንም ልናገር፣ ደንቡንም ልቅደደው አሰብኩ። እንደ ልማዴ ንግግሩን በጽሑፍ አዘጋጀሁ። መጀመሪያ ግን ለእሳቸው ልንገራቸው ብዬ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሄድኩ። በመንሽ ድርቆሽ እየከመሩ አገኘኋቸው።

«አዴ፣ ሰው ሁሉ እኔ ልጆቹን እንዳዳንኩ ያወራል» አልኳቸው። «ይህን ወሬ ማን ጀመረው?»

«እኔ ምን አልኩ?» አሉ። «የከድር አባት ሲጠይቁኝ፣ እሳቸውም አብረውን ነበሩ አልኳቸው። አልነበሩም እንዴ?»

«ነበርኩ። ግን ምን እንዳልኩ ሰምተዋል።»

«ሰምቻለሁ።»

«ልጆቹስ? ሰምተው የለም እንዴ? ለምን ዝም አሉ?»

«ዝም በሉ ብዬ ለምኛቸው ነው። እርስዎ በጓሮ እንደወጡ። ገመቹ እንቢ ብሎ ነበር፣ አልቅሶ ነው እሺ ያለኝ።»

«ለምን፣ አዴ? እኔ አሳልፌ ነበር እኮ የሰጠኋቸው። ለእኔ ብለው ለምን?»

መንሹን ክምሩ ላይ ወጉትና ላባቸውን በመቀነታቸው ጠረጉ። የሞኝ ጥያቄ እንደጠየቀ ሰው አዩኝ፤ ቁጣ ግን አልነበረባቸውም።

«ያን ቀን ፈርቶ ቤቴ የገባው ሰው ስንት ነበር፣ መምህር?»

«ሁለት» አልኩ።

«ሦስት ነበራችሁ» አሉና መንሹን መልሰው ያዙ።